ከተሜው ያለ ታኮ

በየነ ቆሞ ነው የሞተው። የአውቶቡሱ ጀርባ ከጋራዡ የድንጋይ ግንብ ጋር አጣብቆት ስለነበር ለመውደቅ እንኳ ቦታ አላገኘም። መቶ አለቃ ባዳሳ ከጎባ ተጠርቶ ሮቤ ሲደርስ፣ አውቶቡሱን ወደ ፊት ነድተው፣ ሬሳውን አውጥተው፣ በዝናብ ሸራ ሸፍነው ጥግ አስይዘውት ነበር። ገዳይ የተባለውንም ሰው የፊጥኝ አስረው ከሬሳው ፊት ለፊት አስቀምጠውታል። ለመርማሪው የቀረው ሥራ መፈረም ብቻ ይመስል ነበር።

የታሰረው የጋራዡ ዘበኛ ዋቆ ነው፤ አባቱ ከሞተ ወዲህ እናቱን ብቻውን የሚጦር ጎረምሳ። ሟቹ በየነ ደግሞ ሮቤ ውስጥ ይህን አውቶቡስ ፈቶ መግጠም የሚችል ብቸኛ መካኒክ ነበር። ነገሩን ያስረዳው የአውቶቡስ ማኅበሩ ሊቀመንበር ጓድ ተክለማርያም ነው። ረጅም፣ ካኪ ለባሽ፣ ከንግግሩ በፊት ጉሮሮውን የሚጠርግ ሰው ነው። ሊቀመንበር ከመሆኑ በፊት ሹፌር ነበር፤ የፖለቲካ ትምህርት ተምሮ ሲመለስ ነው መሪውን ትቶ ወንበር የያዘው።

«ነገሩ ግልጽ ነው መቶ አለቃ» አለ። «እንደሚያዩት መሬቱ ወደ ግንቡ ያዘነብላል። ሌሊት የፍሬኑ አየር እያለቀ ያድራል፤ አየር ሲያልቅ ፍሬኑ ይለቃል። ለዚህ ነው ማታ ማታ ከጎማው ሥር ድንጋይ፣ ታኮ የምናስገባው። ይህ የዘበኛው ሥራ ነው። አላስገባም። በየነ ሊሠራ በጠዋት ከኋላ ቆመ፤ አውቶቡሱ ተንሸራቶ ጨፈለቀው። ይህ አሻጥር ካልሆነ ምን አሻጥር አለ?»

በዚያ ዘመን አሻጥረኛ ተብሎ ወደ ላይ የተላከ ሰው፣ ቢቀናው ከርቸሌ ይወርዳል፤ ካልቀናው የት ደረሰ ብሎ የሚጠይቅለት የለም። የጎባው ሻለቃም ጉዳዩ ሳይመሽ እንዲያልቅ አዝዟል። ከአጥሩ ውጭ የዋቆ እናት አዴ ጁሀራ ቆመው ነበር። ባዳሳ ሲገባ በኦሮምኛ «አካም ቡልታን፣ አዴ?» ብሎ እንዴት አደሩ እናቴ አላቸው። ደህና ነኝ ለማለት አፋቸው እምቢ አለ መሰለኝ፣ ልጃቸው ወደታሰረበት በእጃቸው አመለከቱት።

ስለ አውቶቡሱ ጥቂት መናገር አለብኝ፤ እዚህ ታሪክ ውስጥ ሳይዋሽ የቆየው እሱ ብቻ ነው። የሮቤ ሰው «ከተሜው» ይለዋል። ለገጠር መንገድ አልተሠራም። ከባሕር ማዶ ተገዝቶ፣ አዲስ አበባ ላይ ከመርካቶ ቄራ ሲመላለስ አርጅቶ ነው ለባሌ የተመረቀው። ሞተሩ ከኋላ ነው፤ ጣሪያው ላይ ዕቃ መጫኛ የለውም፤ ወንበሩ ጥቂት፣ መቆሚያው ሰፊ ነው። ለቆመ ሰው መያዣ ተብሎ በተንጠለጠለው ቀለበት ላይ የጎባ ገበያተኞች የቅቤ ቅላቸውን ያንጠለጥሉበታል። ሁለቱ በሮቹ በአየር ነው የሚሠሩት፤ ሹፌሩ ከመሪው አጠገብ ያለችውን ቁልፍ ሲጫን «ፊስ» ብለው ይከፈታሉ፣ «ፊስ» ብለው ይዘጋሉ። አንዴ ከተዘጉ ሹፌሩ ካልፈቀደ የሚወርድ የለም።

ከዚህኛው በፊት ሌላ ከተሜ ነበረ። መልካቸውም ቀለማቸውም አንድ ነው፤ ልዩነታቸው የፊተኛው በመጀመሪያው ዙር፣ የኋለኛው በሁለተኛው ዙር ተሠርተው መግባታቸው ነው። የፊተኛው አንድ ሌሊት ብቻውን ተንሸራቶ የጎረቤት አጥር አፈረሰ፤ ታኮ ማስገባት የተጀመረው ያኔ ነው። እሱ ተፈታትቶ ለመለዋወጫ ሲውል ታኮው ለአዲሱ ተላለፈ። ልማድ እንደ መሬት ይወረሳልና ለምን ብሎ የጠየቀ አልነበረም።

ባዳሳ ጊኒር አካባቢ ተወልዶ፣ ብዙውን ዕድሜውን አዲስ አበባ በትራፊክ ፖሊስነት የተጋጨ መኪና ሲመረምር የኖረ ሰው ነው። ጡረታው ደርሷል። ሰው በአፉ የሚናገረውን ብዙም አያዳምጥም፤ «አሳየኝ» ይላል፣ ከዚያ እጅ እጁን ያያል። አፍ የሚዋሸውን ያህል እጅ አይዋሽም የሚል እምነት አለው።

የዋቆን እጅ አስፈታና ማታ ያደረገውን እንዲያሳየው ጠየቀው። ልጁ ከግራው የኋላ ጎማ በስተጀርባ ተንበርክኮ ባዶ እጁን ከጎማው ሥር አስገባ።

«እዚህ ነው። ወላሂ አስገብቻለሁ፣ መቶ አለቃ። ለሱብሒ ሶላት መስጊድ ደርሼ ስመለስ ነው ያገኘሁት።»

«ታኮው አሁን የት ነው?»

ዋቆ አያውቅም። የሚያውቅም አልተገኘም። ባዳሳ ራሱ አጥሩን ዞሮ ሲፈልግ ከውጭ ሣር ውስጥ ወድቆ አገኘው። ሌሊቱን ሙሉ ዘንቦ ሊነጋጋ ሲል ነው ያባራው፤ ሣሩ ውሃ ያንጠባጥባል። ድንጋዩ ግን ከላይ ደረቅ ነው። አገላበጠው። በአንድ ጎኑ የጎማ ጥቁረት አለበት፤ በጣቱ ሲነካው ጣቱን አጠቆረው። ወደ ቦታው መልሶ ሳይናገር ወደ ግቢው ገባ።

ቀጥሎ ሹፌሩን ጀሊልን ጠራ። ጀሊል አጭር ሰው ነው፤ የሹፌሩ ወንበር ስለሰመጠ የበግ አጎዛ አጥፎ ካልተቀመጠበት መንገዱ አይታየውም። አጎዛው ግን ከወንበሩ ሥር ተጣጥፎ ወድቋል። ባዳሳ ማን እንዳነሣው ጠየቀ። ጀሊል ማታ ወንበሩ ላይ ትቶት እንደሄደ፣ ጠዋት ሬሳውን ለማውጣት ሲነዳ ደንግጦ ቆሞ እንደነዳ፣ አጎዛው መኖር አለመኖሩን እንኳ እንዳላስተዋለ ተናገረ።

«አየሩ ሲያልቅ ፍሬኑ ይለቃል ወይ?» አለው ባዳሳ።

ጀሊል በመስኮቱ ወደ ውጭ አየ። ጓድ ተክለማርያም ሲጋራ እያጨሰ ይጠብቃል።

«ጓድ ሊቀመንበር እንዳሉት ነው» አለ። ዝም አይነቅዝም ይባላል፤ ጀሊል ልጆች ያሉት ሰው ነውና ተረቱን ከማንም በላይ ያውቀዋል።

ሦስተኛዋ ቲኬት ቆራጯ መሪየም ናት። አፏ ፈጣን፣ ጉልበቷ ጠንካራ፣ መንገደኛ የሚፈራት ሴት ናት፤ ዛሬ ግን ዓይኗ አብጧል። በየነን ሸራ ያለበሰችው እሷ ነበረች። ባዳሳ ሸራውን ከየት እንዳመጣችው ጠየቃት። ከአውቶቡሱ ውስጥ፣ ከቲኬት ወንበሯ ሥር ነው አለችው።

«እንዴት እንደገባሽ አሳዪኝ።»

መሪየም ወደ ኋለኛው በር ሄደች፤ ትከሻዋን አስደግፋ ገፋች። በሩ አልነቃነቅ አለ።

«ጠዋት ጠዋት እንዲህ ነው የምከፍተው። አየሩ ሌሊት አልቆ ስለሚያድር በሩ ይላላል፤ በትከሻ ይገፋል» አለችና ቆም አለች። «ዛሬ ግን አልተገፋልኝም። ጓድ ሊቀመንበር ናቸው በሹፌሩ መስኮት እጃቸውን አስገብተው ቁልፉን የተጫኑልኝ።»

«ድምፅ ነበረው?»

«ፊስ ብሎ ተከፈተ።»

«ያኔ ጀሊል መጥቶ ነበር?»

«አልመጣም። እሱ ከኔ በኋላ ነው የደረሰው።» ይህን ካለች በኋላ የተናገረችው ምን እንደሆነ ቀስ እያለ ገባት። ነጠላዋን አፏ ላይ አደረገች።

ባዳሳ ከአውቶቡሱ ጀርባ ወሰዳትና ስለ በየነ ጠየቃት። መሪየም ወደ ኦሮምኛ ዞራ፣ ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ ነገረችው። ብሔራዊ ውትድርና ከታወጀ ወዲህ አውቶቡሱ ሌላ ሥራ አግኝቷል። በገበያ ቀን ጎረምሶች ጎባ እንሄዳለን ብለው ሲሳፈሩ በሮቹ ይዘጋሉ፤ የሚወርዱት ገበያ ሳይሆን መመልመያው ግቢ ነው። በየነ የመጀመሪያውን አፈሳ አየ። ከዚያ ወዲህ የአፈሳ ትእዛዝ በመጣ ቁጥር ከተሜው ይታመማል፤ ትእዛዙ ሲያልፍ ይድናል። ከተማው «ከተሜው ወታደርነት አይወድም» እያለ ይስቅ ነበር። የታመመው አውቶቡሱ እንዳልሆነ ግን ሁሉም ያውቃል፤ ሁሉም በየነን በልቡ ይመርቃል፤ በአፉ የሚናገር ግን የለም። በየነ የሞተበት ቀንም የገበያ ቀን ነበር።

ከሰዓት በኋላ ባዳሳ ሁሉንም ጋራዡ ውስጥ ሰበሰበ፤ ተክለማርያምን፣ ጀሊልን፣ መሪየምን፣ ዋቆን፣ ጠመንጃ የያዙትን የአብዮት ጥበቃ ጓዶች። ከአጥሩ ውጭ የቆሙትን አዴ ጁሀራንም አስገባቸው። ከዚያ ጀሊልን የአየር በርሜሉን ቧንቧ እንዲከፍት አዘዘው። አየሩ ረጅም ጊዜ እየጮኸ ወጣና ዝም አለ።

«ታኮ የለም። አየርም የለም። መሬቱ ያዘነብላል» አለ ባዳሳ። «እንግዲህ ግፉት።»

ጓዶቹ ጠመንጃቸውን ግንቡ ላይ አስደግፈው ገፉ። ዋቆም ገብቶ ገፋ። እግራቸው ጭቃው ላይ ተንሸራተተ፤ አውቶቡሱ ግን ከቦታው ፈቅ አላለም። ውሃ ቢወቅጡት እምቦጭ ሆነባቸው።

«ዝጎ ይሆናል» አለ ተክለማርያም።

«አልዛገም፣ ጓድ ሊቀመንበር። የፊተኛው ከተሜ አየሩ ሲያልቅ ይለቅ ነበር፤ እርስዎ የነዱት እሱን ነው። በሁለተኛው ዙር ሠሪዎቹ ነገሩን ገልብጠውታል። ጎማው ላይ ብርቱ ሞላ አለ፤ አየር ሲኖር ይሰበሰባል፣ አየር ሲያልቅ ተዘርግቶ ጎማውን ይይዛል። ይህን አውቶቡስ ሌሊት ያቆመው ታኮው አልነበረም። ታኮው ለዚህኛው ከጌጥ አይበልጥም። ከቦታው እንዲነሣ ሞተሩ ተነሥቶ አየር መሙላት አለበት፤ ከዚያ አንድ ሰው ጋቢና ገብቶ የእጅ ፍሬኑን መልቀቅ አለበት።»

 ባዳሳ ድንጋዩን ከሣሩ አስመጥቶ መሐላቸው አስቀመጠው።

«ዋቆ ታኮውን አስገብቷል። ሌሊቱን ሜዳ ያደረ ድንጋይ ይረጥባል፤ ይህ ደርቆ እርጥብ ሣር ላይ ነው የተገኘው። ሲዘንብ ከአውቶቡሱ ሥር ነበር ማለት ነው። የጎማ ጥቁረትም አለበት። ጎማው ወጥቶበት አልፏል፤ ብቻውን የተንሸራተተ አውቶቡስ ደግሞ ታኮ አይዘልም። ሞተር ነው ያዘለለው። ከዚያ በኋላ አንድ ሰው አንሥቶ ከአጥሩ ውጭ ወረወረው፤ ታኮ አልነበረም እንዲባል።»

«መንዳት የሚችለው ጀሊል ነው» አለ ተክለማርያም፣ ጉሮሮውን ሳይጠርግ።

«ጀሊል አጎዛውን አንሥቶ ከነዳ ከመሪው በላይ አያይም። አጎዛው ላይ ሲቀመጥ ራሱ ጣሪያ የነካበት ሰው ነው አንሥቶ የጣለው። ደግሞም ጀሊል ይህ አውቶቡስ አየር ሲያጣ እንደሚይዝ ያውቃል። ‹አየር አልቆ ተንሸራተተ› የሚል ታሪክ ቢፈጥር በማግሥቱ እንደሚፈርስበት ያውቃል። ያንን ታሪክ ያመነ ሰው በፊተኛው ተምሮ በኋለኛው ያልሠራ ሰው ነው። ዛሬ ጠዋት መጀመሪያ የነገሩኝ እርስዎ ነዎት።»

«ይህ ግምት ነው።»

«በሩ ግን ግምት አይደለም። መሪየም ሸራ ልታወጣ ስትል በትከሻዋ ገፋች፤ ጠዋት በዚህ አውቶቡስ ቁልፍ የሚጫን ሰው የለም፣ አየር የለማ። እርስዎ ግን ሳያስቡት እጅዎን ሰደዱና ተጫኑ። በርሜሉ ውስጥ አየር እንዳለ የሚያውቀው የሞላው ሰው ብቻ ነው።»

መሪየም ታለቅስ ጀመር። ጀሊል መሬት መሬት እያየ ማታ ሊቀመንበሩ ቤቱ ድረስ መጥቶ ነገ በጠዋት እንዳይመጣ እንደነገረው፣ ጠዋት ሲነዳም ሞተሩ ሙቅ እንደነበረ ተናገረ። ዋቆን ቀና ብሎ ማየት አልቻለም።

ተክለማርያም በአውቶቡሱ መረገጫ ላይ ተቀመጠ። ሲናገር ድምፁ የስብሰባ ድምፅ አልነበረም።

«ሞተሩን አስነሣሁ፤ እሱ ከኋላ ሆኖ አጠፋው። እንደገና አስነሣሁ፤ አጠፋው። አብረን ነው የጀመርነው እኮ፣ ከፊተኛው ከተሜ ጀምሮ። ወርጄ ለመንኩት። ዛሬ ሰው ካልሞላሁ በጎደለው የኔን ልጅ እንደሚወስዱት ነገርኩት። ‹ያንተን ልጅ አዝንለታለሁ፤ የሰው ልጅ ግን ጭኜ አልሰጥህም› አለኝ። ሞተሩን አስነሥቼ አየሩ እስኪሞላ ጠበቅሁ፤ ዝም አለኝ፣ የተስማማ መሰለኝ። ከዚያ ሊያጠፋው እንደገና ወደ ኋላ ሲዞር በመስታወት አየሁት። የኋላ ማርሽ አስገባሁ።»

ባዳሳ ሰው ሲናዘዝ ደስ የሚለው ጊዜ ነበረው፤ ያ ጊዜ ካለፈ ቆይቷል። አሁን የተሰማው ኀዘን ብቻ ነው። አዴ ጁሀራ ልጃቸውን አንገቱን አቅፈው «አልሐምዱሊላህ» ሲሉ ሰማና ለአንድ አፍታ ልቡ ቀለል አለው። እውነትና ንጋት እያደር ይጠራል ብሎ ለራሱ አሰበ። በዚያች ሰዓት እውነትም ያመነበት ይመስለኛል።

ዋቆ ግን በሕግ ፊት እስኪፈታ ቃሉን ጎባ መስጠት ነበረበትና ከተክለማርያም ጋር በአንድ መኪና ተጫነ። ጎባ ላይ ሻለቃው ነገሩን ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ ቆሞ አዳመጠ፤ አንዴ እንኳ አላቋረጠም። ባዳሳ ተናግሮ ሲጨርስ ትከሻውን መታ አደረገው። ጥሩ ሠርተሃል አለው። ተክለማርያም ወደ ወህኒ ተወሰደ። ልጁንም ያን ዕለት ማታ ከቤቱ አወጡት፤ የሚከላከልለት አባት አልነበረውምና።

«ዋቆስ?» አለ ባዳሳ።

«ዋቆ ነጻ ነው፤ አንተው አሳየህ። ግን ሮቤ ዛሬም ያልሞላችው ቁጥር አለ።»

«እናቱን የሚጦር እሱ ብቻ ነው፣ ሻለቃ።»

«ሁሉም እናት አለው። ወንጀለኛ አይዘምትም፤ ንጹሕ ሰው ግን ይዘምታል።»

ባዳሳ ተከራከረ። ጡረታውን አስታውሰው እስኪያስፈራሩት ድረስ ተከራከረ። በማግሥቱ ጠዋት ዋቆና የተክለማርያም ልጅ ከሌሎች ጎረምሶች ጋር በከተሜው ተጭነው ሄዱ። የነዳው ጀሊል ነው፤ እምቢ ማለት እንደማይችል ሁሉም ያውቃልና የወቀሰው የለም። የሚያሳምመው መካኒክም ስላልነበረ አውቶቡሱ በመንገድ ላይ አልቆመም።

አዴ ጁሀራ ይህን አላወቁም። ልጃቸው ቃሉን ሰጥቶ እስኪፈታ ጎባ ያድራል ተብለው ነበርና፣ በማግሥቱ ስንቅ በጨርቅ ቋጥረው በእግራቸው መጡ። ባዳሳን ጣቢያው ደጃፍ አገኙት። ሲያዩት ፈገግ አሉ። እሱ ግን ፈገግታቸውን እያየ መናገር ነበረበት፤ ከተክለማርያም ልጅ ጋር ተጭኖ መሄዱን ነገራቸው። የት እንደተወሰደ እንኳ በትክክል አላወቀም። ሰሜን ነው ይላሉ አላቸው።

አዴ ጁሀራ ቋጠሮውን ደረታቸው ላይ አስጠጉት።

«አሻጥረኛ ብለው ይረሽኑት ነበር፣ አዴ» አለ ባዳሳ። «ዝም ማለት አልቻልኩም።»

«ወይም ያስሩት ነበር» አሉ። «ቢያስሩት ስንቅ አመላልስለት ነበር፣ ኦቦ ባዳሳ። ጎባ ቅርብ ናት። አሁን ለማን ላመላልስ?»

ባዳሳ ይቅር በሉኝ ሊል ፈለገ፤ እውነቱን ስላወጣ ይቅርታ መጠየቅ እንዴት እንደሚባል አላወቀም። አዴ ጁሀራ እንባቸውን በሻሻቸው ጫፍ ጠርገው ቋጠሮውን ዘረጉለት።

«ይዤው አልመለስም። ለተክለማርያም ስጡልኝ» አሉ። «ልጁ ከልጄ ጋር ነው የሄደው። እሱስ እዚህ አለ፤ የሚያመላልስለትም የለም።»

ባዳሳ ቋጠሮውን በሁለት እጁ ተቀበለ። አዴ ጁሀራ ወደ ሮቤ መንገድ ሲመለሱ ቆሞ አያቸው፤ ከዚያ ስንቁን ይዞ ወደ ወህኒው በር ሄደ።